በሲሙሌሽን የሚሠራ፣ ጠዋት ላይ የሚቆም ፓምፕ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ በሶላር ፓኔልና በውሃ ፓምፕ መሀል ተቀምጦ ቮልቴጁን ለፓምፑ ወደሚስማማው ስለሚቀይረው ኮንቨርተር። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። እኔም ከዓመታት በፊት እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ በሶላር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ነው። አራት ባለ 315 ዋት ፓኔሎችን በተከታታይ አገናኝቻለሁ። ፓምፑ ባለ 180 ቮልት የዲሲ ሞተር አለው። መሀል ላይ ቡስት ኮንቨርተር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚያሳድገውን፣ ሠርቼ አስገብቻለሁ። ከኮንቨርተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን መስመር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሲዘጋ ያገናኘዋል፣ ሲከፈት ያቋርጠዋል። የኮምፒውተር ሲሙሌሽኑ ላይ ምንጩን 148 ቮልት፣ ጭነቱን 36 ኦም ሪዚስተር አደረግኩ። ውጤቱ ያማረ ነው፤ 180 ቮልት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሠራሁት ዕቃ ግን ጠዋት ላይ ያስቸግረኛል። ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ሞተሩ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ይቆማል፣ እንደገና ቀጭ ይላል። ፀሐይ እስክትበረታ እንዲህ ይቀጥላል። እኩለ ቀን ላይ ምንም ችግር የለበትም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?
ተመራቂ ተማሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስህተቱን ደብዳቤህ ውስጥ ራስህ ጽፈኸዋል። «ምንጩን 148 ቮልት አደረግኩ» ብለሃል። ቡስቱን በደንብ ነው የሠራኸው፣ ቀመሩንም አልሳትክም። ዱቲ ሳይክልህ፣ ማለትም የኮንቨርተሩ ስዊች ከእያንዳንዱ ዑደት ተዘግቶ የሚቆይበት ድርሻ፣ 0.18 ገደማ ነው። 148ን ለ0.82 ስታካፍል 180 ይመጣል። ኮንቨርተሩ ጤነኛ ነው። ከግራና ከቀኙ ያስቀመጥካቸው ሁለቱ ነገሮች ናቸው መሬት ላይ የሌሉት።

ከግራው እንጀምር። 148 የሚለውን ቁጥር ያገኘኸው ከፓኔሉ ጀርባ ከተለጠፈው ወረቀት ነው፤ 37 ቮልት በአራት። ያ ቁጥር የተለካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1000 ዋት፣ ሴሉ 25 ዲግሪ ሆኖ። ሌላ ብርሃንና ሌላ ሙቀት ላይ ሌላ ቁጥር ነው የምታገኘው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ፓኔል እንደ ባትሪ ቮልቴጁን ይዞ የፈለግከውን ከረንት የሚሰጥ ዕቃ አለመሆኑ ነው። ብርሃኑ የፈቀደለትን ከረንት ይሰጥሃል፣ በቃ። ከዚያ በላይ ከጠየቅከው ቮልቴጁን ይጥለዋል። ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብሎ ነገር የለም። ዘጭ ነው የሚያደርገው።

የአንተኑ አራት ፓኔሎች እንውሰድ። በሙሉ ፀሐይ ሾርት ብታደርጋቸው፣ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ ብታገናኝ፣ 9 አምፔር ገደማ ይሰጣሉ። ጠዋት ብርሃኑ በካሬ ሜትር 200 ዋት ሲሆን ከረንቱ አንድ አምስተኛው ይሆናል፤ 1.8 አምፔር። ክፍት ቮልቴጁ፣ ምንም ጭነት ሳይኖርበት የሚለካው፣ ግን ብዙም አይቀንስም። ሙሉ ፀሐይ ላይ 180 የነበረው 167 አካባቢ ቢወርድ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቴስተሩን ሰክቶ 167 ሲያይ «ኃይልማ አለ» ይላል። ያለው ኃይል ግን ቢበዛ 250 ዋት ነው።

አሁን ወደ ቀኙ። 36 ኦም ያልከው ከየት መጣ? 180ን ለ5 አምፔር አካፍለህ ነው። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ይሄ ልክ ነው። የሚዞር ሞተር በውስጡ የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ባክ ኢኤምኤፍ የምንለው። ከረንቱን ልጓም የሚያስገባው እሱ ነው። የቆመ ሞተር ባክ ኢኤምኤፍ የለውም። የሚቀረው የጥቅልሉ ሬዚስታንስ ብቻ ነው። 1.5 ኦም ነው እንበል። ስለዚህ ጠዋት ሪሌው ሲዘጋ ኮንቨርተርህ የሚጠብቀው 1.5 ኦም ነው። ለፓኔል ይሄ ሾርት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቡስት ጠባይ ይጨመርበታል። ቡስት ከገባለት በታች ማውጣት አይችልም። ዱቲውን ዜሮ ብታደርገው እንኳ ከረንቱ በኢንዳክተሩ (በጥቅል ሽቦው) እና ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ አልፎ በቀጥታ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ማለትም ሪሌህ በተዘጋች ቅጽበት ፓኔሉና የቆመው ሞተር ፊት ለፊት ተገናኙ። 1.8 አምፔር በ1.5 ኦም፣ 2.7 ቮልት። ከ167 ወደ 2.7! የኮንትሮል ቦርዱ የሚመገበው ከዚያው ከፓኔሉ ከሆነ ይጠፋል። እሱ ሲጠፋ ሪሌው ይለቃል። ጭነቱ ሲነሳለት ፓኔሉ ወዲያው 167 ይመለሳል። ቦርዱ ይነሳል፣ ፕሮግራሙን ከሀ ይጀምራል፣ ሪሌውን ይዘጋል። ቀጭ። ሞተሩ «ትንሽ ይነቃነቃል» ያልከው ደግሞ ካፓሲተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው ኃይል ሲፈስበት ነው። ፓኔሉ የሰጠው አይደለም።

ይህን ያወቅኩት ክፍል ውስጥ አይደለም። አንድ ጉድጓድ ዳር ነው፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ። የእኔም ሞዴል ያኔ በግራ ባትሪ፣ በቀኝ ሪዚስተር ነበር። ሁሉም ነገር ይሠራል ብዬ ፈርሜ አስረክቤ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃ አይመጣም ብለው ጠሩኝ። ቴስተሩን የፓኔሉ መስመር ላይ ሰክቼ ቁጢጥ አልኩ። 165። 165። ቀጭ። ቁጥሩ ተዘባረቀ። ቴስተሩ ሊከተለው አልቻለም፤ 40 አለ፣ 11 አለ፣ ከዚያ እንደገና 165። በየአራት ሴኮንዱ እንዲህ ነው። ካርቶን ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ በተርታ ጻፍኳቸው። አጠገቤ የቆመው ጥበቃ «ፓኔሉ ነው የተበላሸው?» አለኝ። ፓኔሉ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ሞዴሌ ነበር። ያንን ካርቶን ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንጩ ባትሪ የሆነ የሶላር ሞዴል ሠርቼ አላውቅም።

አንተም ምንጩን አውጣና የፓኔሉን ኩርባ አስገባ። የተለመደው ባለ አንድ ዳዮድ ሞዴል ነው። ከብርሃኑ ጋር የሚወጣና የሚወርድ የከረንት ምንጭ አለ። ከእሱ ጋር በትይዩ አንድ ዳዮድና አንድ ትልቅ ሬዚስታንስ፣ ከመውጫው ጋር በተከታታይ አንድ ትንሽ ሬዚስታንስ። ለመጀመር የሚያስፈልጉህ አራት ቁጥሮች ዳታሺቱ ላይ አሉ፦ ክፍት ቮልቴጅ፣ የሾርት ከረንት፣ እንዲሁም ከፍተኛው ኃይል የሚገኝበት ቮልቴጅና ከረንት። እኩልታው ካስቸገረህ ከኩርባው ላይ ሃያ ነጥብ አንብበህ በሰንጠረዥ አስገባው። ያም ከባትሪው እጅግ ይሻላል።

ሙቀቱንም አትርሳ። የሲሊከን ሴል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ክፍት ቮልቴጁ በ0.3 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ 30 ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ ሙሉ ፀሐይ ላይ ሴሉ 60 ሊደርስ ይችላል። 180 ያልነው ክፍት ቮልቴጅ ያኔ 161 ይሆናል። የ148ቱም ቁጥር አብሮ ወርዶ 130 አካባቢ ይደርሳል። 180 ለማውጣት ዱቲህ ወደ 0.28 መውጣት አለበት።

ሞተሩን በሁለት እኩልታ ጻፈው። አንደኛው የኤሌክትሪኩ ነው፤ የገባው ቮልቴጅ በጥቅልሉ ሬዚስታንስ፣ በኢንዳክታንሱና በባክ ኢኤምኤፉ ላይ ይከፋፈላል። ሁለተኛው የመካኒካሉ ነው፤ ከረንቱ የሚፈጥረው ቶርክ ከፓምፑ ቶርክ ሲበልጥ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ሲያንስ ይቀንሳል። የፓምፑ ቶርክ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ይህን አስገብተህ ብርሃኑን 200 አድርገው። ያ የጠዋቱ ቀጭ ቀጭ ስክሪንህ ላይ ካልታየ ሞዴሉ ገና አላለቀም።

መፍትሔውስ? ሲነሳ ቮልቴጁን ቀንሶ ከረንቱን የሚያበዛ ነገር ያስፈልግሃል። ያ ባክ ኮንቨርተር ነው። 150 ቮልት በ1.5 አምፔር ገብቶ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ 20 ቮልት በ10 አምፔር ሊወጣ ይችላል። በ10 አምፔር የቆመ ሞተር ይነሳል። ለዲሲ ፓምፖች የሚሸጠው ሊኒየር ከረንት ቡስተር የሚባለው ዕቃ፣ ስሙ ቡስተር ይሁን እንጂ ሥራው የባክ ነው። የሚያሳድገው ከረንቱን ነው። ፓኔሎቹን ስድስት ማድረግ ከቻልክ 222 ቮልት ይሆናል፤ በባክ ወደ 180 ታወርደዋለህ። የስዊቹን የቮልቴጅ አቅም ስትመርጥ ግን በ222 እንዳትመርጥ። ክፍት ቮልቴጁ 270 ነው፤ ብርድ ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። በአራት ፓኔል መቆየት ካለብህ ደግሞ ከገባለት በታችም በላይም የሚያወጣውን ሴፒክን አስብበት። ሁለት ኢንዳክተር ይፈልጋል፣ ትንሽም ይወሳሰባል፤ ግን ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮንትሮልህ አሁን የሚጠብቀው የሞተሩን 180 ቮልት ነው። ደመና ሲመጣ 180ን ላለመልቀቅ ዱቲውን ይጨምራል። ዱቲው ሲጨምር ፓኔሉ የበለጠ ይጎተታል፣ ቮልቴጁ የበለጠ ይወርዳል፣ ኮንትሮሉ አሁንም ይጨምራል። በራሱ እጅ ገደል ይገባል። ስለዚህ የፓኔሉን ቮልቴጅ ይጠብቅ። የሞተሩ ቮልቴጅ እንደ ፀሐይዋ ይውጣ፣ ይውረድ። ፓምፑ ቀስ ብሎ ቢዞር ማንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ሰላም ኢንጂነር። ሞዴሌ ስዊቹ በ20 ኪሎኸርዝ ሲከፈትና ሲዘጋ አንድ በአንድ ያሰላል። ፓምፑ በቀን ስንት ውሃ እንደሚሰጥ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልጨረሰም። ኮምፒውተር ልቀይር?
የማስተርስ ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ኮምፒውተሩን ተይው። እስቲ ሒሳቡን እዪው። ስዊችሽ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ቀኑ 86,400 ሴኮንድ ነው። 1.7 ቢሊዮን ዑደት ሆነ። በእያንዳንዱ ዑደት ውስጥ ደግሞ ፕሮግራሙ በርካታ አሥር እርምጃዎችን ይራመዳል። የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ብትጭኚው ይኸው ነው።

እዚህ ሲስተም ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በየራሱ ሰዓት ነው የሚኖረው። ስዊቹ በ50 ማይክሮሴኮንድ፣ ኢንዳክተሩና ካፓሲተሩ በሚሊሴኮንድ፣ ሞተሩና ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በሴኮንድ፣ ደመናው በደቂቃ፣ ፀሐይዋ በሰዓት። አንቺ የጠየቅሽው የፀሐይዋን ሰዓት ነው። የምታሰዪው ግን በስዊቹ ሰዓት ነው።

የምትፈልጊው የቀኑን ውሃ ከሆነ የኮንቨርተሩን እንቅስቃሴ ጨርሶ ማስላት የለብሽም። በየደቂቃው አንድ ነጥብ ይበቃል፤ 1,440 ነጥብ። በዚያ ደቂቃ ያለው ብርሃንና ሙቀት፣ ፓኔሉ የሚሰጠው ኃይል፣ የኮንቨርተሩ ብቃት፣ ከዚያ የፓምፑ ኩርባ። በሴኮንዶች ያልቃል። ነገር ግን ፓምፑ ውሃ የሚጀምርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት አስገቢበት። ካለዚያ የጠዋትና የማታውን ኃይል ሁሉ ውሃ አድርጎ ይቆጥርልሻል። ይህን በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ አፍታትቼዋለሁ።

ደመና ሲያልፍ ኮንትሮሉ ይረጋጋል ወይ የሚለውን ማየት ስትፈልጊ መካከለኛው ሞዴል አለልሽ፤ የአማካይ ሞዴል የሚባለው። ሚድልብሩክና ቹክ የተባሉ፣ ካልቴክ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ሰዎች በ1976 ያቀረቡት መንገድ ነው፣ እስከ ዛሬ የምንሠራው በእሱ ነው። ሐሳቡ ያስደስተኛል። ስዊቹ ሲዘጋ አንድ ሰርኪዩት ነው፣ ሲከፈት ሌላ ሰርኪዩት ነው። ሁለቱንም ጻፊያቸው። የመጀመሪያውን በዱቲው፣ ሁለተኛውን አንድ ሲቀነስ በዱቲው አባዢና ደምሪያቸው። አለቀ፤ ስዊቹ ከእኩልታው ወጣ። ለቡስት እንዲህ ይሆናል፦ በኢንዳክተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ፣ የፓኔሉ ቮልቴጅ ሲቀነስ የመውጫው ቮልቴጅ በ(1 ሲቀነስ ዱቲ) ተባዝቶ ነው። ካፓሲተሩ የሚያገኘው ከረንት፣ የኢንዳክተሩ ከረንት በ(1 ሲቀነስ ዱቲ) ተባዝቶ፣ ሞተሩ የሚወስደው ሲቀነስ ነው። ሁለት መስመር። ስክሪኑ ላይ ያ ጥርስ ጥርስ የሚለው ሞገድ ይጠፋል፣ አካሄዱ ግን ይቀራል።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቂ። አንደኛው ደካማ ብርሃን ነው። ከላይ የወንድማችንን ቡስት እንውሰድ፤ ኢንዳክተሩ 1 ሚሊሄንሪ ነው እንበል። 148 ቮልት በ0.18፣ በ50 ማይክሮሴኮንድ ተባዝቶ ለ1 ሚሊሄንሪ ሲካፈል 1.33 አምፔር ይመጣል። የከረንቱ ጥርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄን ያህል ነው። አማካዩ ከግማሹ፣ ከ0.67 አምፔር፣ ሲያንስ በየዑደቱ ዜሮ የሚነካበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ሦስተኛ ሰርኪዩት ተፈጠረ ማለት ነው፤ ስዊቹም ዳዮዱም ከረንት ማሳለፍ አቁመው ኢንዳክተሩ ባዶ የሆነበት። የሁለት መስመሩ እኩልታ እዚያ ላይ አይሠራም፤ የመውጫው ቮልቴጅ እኩልታው ከሚለው በላይ ይወጣል። ንጋት ላይ የሚያጋጥምሽ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ብክነት ነው። ንጹሁ ቀመር ዱቲው ወደ 1 ሲጠጋ ቮልቴጁ ያለ ገደብ ያድጋል ይልሻል። ለኢንዳክተሩ ሽቦ 0.5 ኦም ጨምሪበት፣ ጭነቱ 36 ኦም ይሁን። ከ4.2 እጥፍ በላይ ማሳደግ አይቻልም። ዱቲው ከ0.88 ካለፈ ደግሞ ቮልቴጁ ተመልሶ መውረድ ይጀምራል። አንዲት ትንሽ ሬዚስታንስ ናት ይህን ሁሉ የምትቀይረው። ሳልለካት አስገብቼያት አላውቅም፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ጥያቄ፦ ከፍተኛውን ኃይል የሚፈልገው ፕሮግራሜ፣ ፐርተርብ ኤንድ ኦብዘርቭ (ነካ አድርጎ ኃይሉ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ የሚያይ) የሚባለው፣ ዱቲውን በየ1 ሚሊሴኮንዱ ይነካካል። ነጥቡን አግኝቶ ከመቆም ይልቅ ወዲያና ወዲህ ይባዝናል። እርምጃውን ባሳንሰውም ያው ነው።
የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ

መልስ፦ ችግሩ የእርምጃው መጠን አይመስለኝም፤ ችኮላው ነው። ዱቲውን ስትነካው የፓኔሉ ቮልቴጅ ወዲያው አዲሱ ቦታ አይቀመጥም። ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይሰክናል። በመሀል ኃይሉን ከለካህ የሚናወጥ በርሜል ውስጥ የውሃውን ከፍታ እንደመለካት ነው። ፕሮግራሙ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተነስቶ በተሳሳተ አቅጣጫ ይሄዳል።

የፓምፕ ሥራ ላይ ይሄ ይብሳል። በመሀል ባትሪ ከሌለ የሞተሩ ፍጥነት ሲቀየር የፓኔሉም ቮልቴጅ አብሮ ይንሸራተታል። ሞተሩ ደግሞ ከኮንቨርተሩ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ሞተሩ እስኪሰክን መጠበቅ፤ በሚሊሴኮንድ ሳይሆን በሴኮንድ አሥረኛዎች ማሰብ። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ ፕሮግራሙ ዱቲውን በቀጥታ አይንካ። የሚፈልገውን የፓኔል ቮልቴጅ ይናገር። ያንን ቮልቴጅ የሚይዝ ፈጣን የውስጥ ኮንትሮል ደግሞ ዱቲውን ያስተካክል። ያኔ የሞተሩ መንሸራተት ሒሳብህን አያበላሸውም። አማካይ ሞዴሉ ላይ ዱቲውን በ0.02 አንዴ ዝለልና የፓኔሉ ቮልቴጅ ስንት ሚሊሴኮንድ ቆይቶ እንደሚሰክን እይ። የፕሮግራምህ ጊዜ ከዚያ በላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለዚህ ሥራ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? መግዛት ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ አይደለም። የስዊቹን ዝርዝር ለማየት ኤልቲስፓይስ በነጻ ይገኛል። የአማካይ ሞዴሉንና የሙሉ ቀኑን ሒሳብ ደግሞ በፓይተን ትጽፈዋለህ፤ እሱም ነጻ ነው። ትምህርት ቤትህ ማትላብና ሲሙሊንክ ካለው ተጠቀምበት፣ ምቹ ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። ፓምፕ ስጠግን ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ ሲሙሌሽን የሚባለውን አላውቅም። አንድ ጠላቂ ፓምፕ አለ፤ ባለ 400 ቮልት ሦስት ፌዝ ሞተር፣ የፓኔሉን ዲሲ ወደ ኤሲ በሚቀይር የሶላር ኢንቨርተር የሚሠራ። ከጉድጓዱ ውሃ እስከ ታንከሩ 40 ሜትር ነው። ፓምፑ በ50 ኸርዝ ቢበዛ 60 ሜትር ይገፋል ይላል ወረቀቱ። ጠዋት ኢንቨርተሩ 38 ኸርዝ ያሳያል፣ ሞተሩ ሲዞር ድምፁ ይሰማኛል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ኢንቨርተሩ ይቀየር ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
የፓምፕ ቴክኒሻን

መልስ፦ ጋሼ፣ ኢንቨርተሩን እንዳያስቀይሩ። እሱ ትክክለኛ ሥራውን እየሠራ ነው። ሲሙሌሽን አላውቅም አሉ እንጂ የሚያስፈልገውን ቁጥር ሁሉ ጽፈውልኛል፤ ከአሁኑ ተማሪ ብዙው ይህን አይጽፍም።

እንዲህ ነው። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የሚገፋው ከፍታ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚሄደው። 38ን ለ50 ያካፍሉ፤ 0.76። እሱን በራሱ ያባዙት፤ 0.58 ገደማ። በ60 ሜትር ያባዙት። 35 ሜትር እንኳ አይሞላም። ታንከሩ ያለው 40 ሜትር ላይ ነው። ውሃው ቱቦው ውስጥ እስከ 35 ሜትር አካባቢ ወጥቶ እዚያው ቆሟል። ሞተሩ ይዞራል፣ ውሃው ይቆማል።

ከየት ይጀምራል ካሉ፣ 40ን ለ60 አካፍለው ካሬ ሥሩን ያውጡ፤ 0.82 ይሆናል። በ50 ሲያባዙት 41 ኸርዝ። ከዚያ በታች አንዲት ጠብታ አይወጣም። የክረምትና የበጋው የጉድጓድ ውሃ ከፍታ ከተለያየ ይህም ቁጥር ይለያያል፤ ውሃው ሲርቅ ወደ ላይ ይወጣል።

ኢንቨርተሩ ላይ ዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚባል ማስተካከያ ይኖራል። 42 ወይም 43 ላይ ያድርጉት። ፀሐይዋ ለዚያ የማትበቃ ከሆነ ኢንቨርተሩ ተኝቶ ይጠብቅ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይሞክር። ይህን የምለው ለኤሌክትሪኩ አዝኜ አይደለም። ጠላቂ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአጠገቡ በሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃው ቆሞ ሞተሩ ለሰዓታት ከዞረ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ጥቅልሉ ይቃጠላል። በየቀኑ ጠዋት ያንን ሞተር እያቃጠሉት ነው፤ ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

በ38 ኸርዝ ሞተሩ የሚያገኘው ቮልቴጅ 304 አካባቢ ሆኖ ቢያገኙትም እንዳይደነግጡ። ኢንቨርተሩ ቮልቴጁንና ድግግሞሹን አብሮ ነው የሚያወርደው፤ ለእያንዳንዱ ኸርዝ 8 ቮልት። ስንት ፓኔል ለሚለው ደግሞ፣ 400 ቮልት ሙሉውን ለማውጣት ኢንቨርተሩ ከፓኔሉ በኩል 566 ቮልት ዲሲ ገደማ ይፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ፣ ፓኔሉ በጋለ ሰዓት፣ ስንት እንደሚገባ ስክሪኑ ላይ ያንብቡ። ከዚያ ካነሰ 50 ኸርዝ ላይ ሙሉ ቮልቴጅ አይደርስም። በተከታታይ አንድ ወይም ሁለት ፓኔል መጨመር ያስፈልግ ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ኢንቨርተሩ የሚችለውን ከፍተኛ የዲሲ ቮልቴጅ ወረቀቱ ላይ ይመልከቱ። ክፍት ቮልቴጁ በብርድ ጠዋት ከዚያ እንዳይበልጥ።

ካስተካከሉ በኋላ አንድ ልኬት ይውሰዱልኝ። 200 ሊትር በርሜል ታንከሩ ጋ፣ ውሃው ከሚወጣበት ቱቦ ሥር ያድርጉና በሰዓትዎ ይያዙ። በ4 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 3 ሜትር ኩብ ነው። ያን ያህል ውሃ 40 ሜትር ለማውጣት ውሃው ራሱ የሚፈልገው 327 ዋት ነው። በዚያች ሰዓት ኢንቨርተሩ ስንት ዋት እንደሚል ይጻፉ። 750 ካለ፣ ሞተርና ፓምፑ አንድ ላይ 44 ከመቶ ብቃት አላቸው ማለት ነው፤ ለትንሽ ጠላቂ ፓምፕ ደህና ነው። ኢንቨርተሩ 1,200 ዋት እያለ በርሜሉ ያው 4 ደቂቃ ከፈጀ ግን ኤሌክትሪኩን ይተዉት። ፓምፑን ያውጡትና ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) በአሸዋ ተበልቶ እንደሆነ፣ የቱቦው መጋጠሚያም ውሃውን ወደ ጉድጓዱ የሚመልስ እንደሆነ ይመልከቱ።